የሞተር አቅጣጫ የሚገለብጥ ተሽከርካሪ ስዊች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ማታ፦ ምን ልሠራ ነው

እጀታው ወደ ቀኝ ሲዞር ሞተሩ ጠረጴዛውን ያነሳል። ወደ ግራ ሲዞር ያወርዳል። መሃል ላይ ሲሆን ቀጥ ይላል። የምፈልገው ይኸው ነው።

ጠረጴዛው ቆሜም ተቀምጬም እንድሠራበት ከፍና ዝቅ የሚል ነው። የሚያነሳው ረጅም ጥርስ የወጣለት ዘንግ ሲሆን ዘንጉን የሚያዞረው ደግሞ 12 ቮልት ባለ ጊር የዲሲ ሞተር (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድ ኃይል የሚሠራ) ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ቋሚ ስለሆነ አቅጣጫውን መገልበጥ ከባድ አይደለም። ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ሁለት ሽቦዎች ማገላበጥ ነው። ፖዘቲቭ የነበረው ኔጌቲቭ፣ ኔጌቲቭ የነበረው ፖዘቲቭ ይሆናል፣ አለቀ።

ይሄ ግን የሚሠራው ቋሚ ማግኔት ላላቸው ሞተሮች ብቻ ነው። በግድግዳ ሶኬት የሚሠሩ የእጅ መሰርሰሪያዎች ውስጥ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ በማግኔት ፋንታ የሽቦ ጥቅል ነው ያለው፣ ጥቅሉም ከሚዞረው ክፍል ጋር በተርታ የተያያዘ ነው። የዚያን ሞተር ሁለት ሽቦ ብታገላብጡ ሁለቱም መግነጢሶች አብረው ስለሚገለበጡ ሞተሩ በዚያው በቀድሞው አቅጣጫ መዞሩን ይቀጥላል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው መገልበጥ ያለበት። ሌላው መታየት ያለበት የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ነው። ጉልበቱ ጥሩ ስለሆነ ብዙ ሰው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ይመርጠዋል፣ ነገር ግን ብዙዎቹ ላይ ኔጌቲቩ ከሞተሩ አካል ጋር ተያይዟል። እሱን ስትገለብጡት አካሉ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ከብረት ፍሬም ላይ ካሰራችሁትና ፍሬሙም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ከተነካካ ሾርት ነው። የእኔ ሞተር ሁለቱም ሽቦዎቹ ከአካሉ ነፃ መሆናቸውን በቴስተር አይቻለሁ።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ስዊች ተሠርቶ ይሸጣል፣ አውቃለሁ። ስድስት እግር ያለውን ስዊች ወስዶ ዳርና ዳር ያሉትን እግሮች በመስቀለኛ ማገናኘት ነው፣ ለትንሽ ሞተር ይበቃል። እኔ ግን ውስጡ የሚታይ፣ ሲጠቁር ፈትቼ በሞረድ የማጸዳው፣ እጀታውን ከሩቅ አይቼ ሞተሩ በየት በኩል እንደሚዞር የማውቀው ስዊች ነው የምፈልገው። ተዘግቶ የታሸገ ነገር ሲበላሽ መጣል ነው ያለው፣ ያ ደስ አይለኝም።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠሪው ሩምኮርፍ (እ.ኤ.አ. ከ1803 እስከ 1877) ይሠራቸው የነበሩት የኢንዳክሽን ጥቅሎች (ዝቅተኛ ቮልትን ወደ ከፍተኛ የሚቀይሩ የሽቦ ጥቅሎች) ላይ እንዲህ ያለ መገልበጫ ነበር። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ትንሽ ሲሊንደር አለ፣ በግራና በቀኙ ሁለት የብረት ሳህኖች ተለጥፈዋል፣ ከዳር ደግሞ ሁለት ሞላዎች ይጫኑታል። ሲሊንደሩን ግማሽ ዙር ስታዞሩት ኃይሉ ይገለበጣል። በኋላ የመጡት የኤሌክትሪክ ትራሞችም የአቅጣጫ እጀታ ነበራቸው። እዚያ ላይ ልቤን የነካው ነጂው ዋናውን ኃይል ሳያጠፋ አቅጣጫ መቀየር እንዳይችል ሁለቱ እጀታዎች ውስጥ ለውስጥ እርስ በርስ የሚቆላለፉ መሆናቸው ነው። ሰውን "ተጠንቀቅ" ከማለት ይልቅ ብረቱ ራሱ እንዲከለክል ማድረግ! የእኔም ስዊች እንዲያ እንዲሆን ነው የምጥረው።

ማክሰኞ፦ ሞተሩን መለካት

ስዊቹን ከመሳሌ በፊት ስንት አምፔር እንደሚያልፍበት ማወቅ አለብኝ። በቴስተር የኦም መለኪያ ላይ መተማመን አይቻልም። የሞተሩ ብሩሾች በቆሙበት ቦታ ንባቡ ይለዋወጣል፣ የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸውም ጥቂት የኦም ክፋይ ይጨምራሉ። ስለዚህ የሞተሩን ዘንግ ሞርሳ ላይ አሰርኩትና 2 ቮልት ብቻ ሰጠሁት። 1.6 አምፔር ሳበ። 2 ለ1.6 ሲካፈል 1.25 ኦም።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይወጣል። ሞተሩ 12 ቮልት ላይ ሆኖ አንድ ነገር ቢያንቀው 9.6 አምፔር ይስባል። ሲነሳም ለቅጽበት እንደዚያው ነው፣ ምክንያቱም ገና አልዞረም። ያለ ጭነት በነፃ ሲዞር ግን የለካሁት 0.6 አምፔር ብቻ ነው። ልዩነቱ የት ሄደ? ሞተር ሲዞር ጄኔሬተርም ነው። ከሚገባው 12 ቮልት ላይ 11.25 ያህሉን ራሱ መልሶ ይገፋዋል፣ ሽቦው ውስጥ አምፔር የሚነዳው የቀረው 0.75 ቮልት ብቻ ነው።

አሁን በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ያለን ሞተር በአንድ ጊዜ ብገለብጠውስ? ያ ይቃወም የነበረው 11.25 ቮልት በቅጽበት ከባትሪው ጋር ይወግናል። 12 ሲደመር 11.25፣ ከ23 ቮልት በላይ። ለ1.25 ሲካፈል 18.6 አምፔር። ሞተሩ ቆሞ ሲነሳ ከሚስበው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጊሩም በዚያች ቅጽበት ያን ሁሉ ጉልበት በጥርሶቹ ላይ ይቀበላል። ለእኔ የዚህ ሥራ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። መገልበጡ ራሱ ቀላል ነው፤ ዋናው ነገር መሃሉ ነው፣ ማለትም ስዊቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚኖረው ባዶ ቦታ። ስዊቹን ስስል የምጀምረው ከመሃሉ ነው።

ረቡዕ፦ ስዕሉ

ወረቀት፣ ኮምፓስና ፕሮትራክተር። ሌላ አያስፈልግም።

አራት ቋሚ ኮንታክቶች በአንድ ክብ ላይ በ90 ዲግሪ ልዩነት ይቀመጣሉ። ላይ ፖዘቲቭ፣ ቀኝ የሞተሩ አንደኛ ሽቦ፣ ታች ኔጌቲቭ፣ ግራ የሞተሩ ሁለተኛ ሽቦ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ትይዩ እንጂ ጎን ለጎን መሆን የለባቸውም፣ በመካከላቸው ሁልጊዜ የሞተር ሽቦ አለ።

ከእነሱ ፊት ለፊት የሚዞር ዲስክ አለ። ዲስኩ ላይ ሁለት የነሐስ ቅስቶች በትይዩ ተለጥፈዋል። አንደኛው ቅስት ላይና ቀኝን ሲያገናኝ ሁለተኛው ታችና ግራን ያገናኛል። ፖዘቲቭ ወደ አንደኛው ሽቦ፣ ኔጌቲቭ ወደ ሁለተኛው ሽቦ ደረሰ፣ ሞተሩ ወደፊት ዞረ። ዲስኩን ሩብ ዙር አዙሩት። አንደኛው ቅስት አሁን ቀኝና ታችን አገናኘ፣ ሁለተኛው ግራና ላይን። ተገለበጠ።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በ180 ዲግሪ ስለሚራራቁ ከዚያ የሚያንስ አንድ ቅስት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊነካ አይችልም። እጀታውን ማንም ቢነካካው፣ በየትኛውም ፍጥነት ቢያዞረው፣ አይችልም። የቀረው አደጋ አንድ ነው። በሁለቱ ቅስቶች መካከል ያለው ክፍተት ከኮንታክቱ ራስ ቢጠብ ኮንታክቱ በክፍተቱ ላይ ሲያልፍ ሁለቱን ቅስቶች ያገናኛል። ላይና ታች ያሉት ኮንታክቶች ደግሞ ክፍተቶቹን የሚያልፉት በአንድ ጊዜ ስለሆነ ባትሪው በቀጥታ ሾርት ይሆናል። መፍትሔው ክፍተቱን ማስፋት ነው።

ምን ያህል? መጀመሪያ 110 ዲግሪ ቅስት ሳልኩ። ኮንታክቶቹ 90 ዲግሪ ስለሚራራቁ ከዳርና ከዳር 10፣ 10 ዲግሪ ይተርፋል። ክፍተቱ 70 ዲግሪ ይሆናል። መሃሉ ሰፊ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን እጀታው ዳር ላይ በ10 ዲግሪ ብቻ ቢላላ ኃይሉ ይቋረጣል። ሞተር የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው፤ የላላ ኮንታክት እየነካ እየለቀቀ እሳት ሲፈጥር ነሐሱን ይበላዋል። ስለዚህ ቅስቱን ወደ 130 ዲግሪ አሳደግሁት፣ ክፍተቱ 50 ዲግሪ ሆነ። ኮንታክቶቹ የሚሄዱበት መስመር ከመሃል 20 ሚሊ ሜትር ላይ ስለሆነ 50 ዲግሪ ማለት 17 ሚሊ ተኩል ያህል ነው። የኮንታክቱ ራስ የሚነካው 3 ሚሊ ብቻ ነው። በጣም በቂ ርቀት ነው።

የኮንታክቱንም ስፋት ስናስገባ (3 ሚሊ በዚያ መስመር ላይ 8.6 ዲግሪ ይሆናል) እጀታው ከየዳሩ 24 ዲግሪ ያህል እስኪርቅ ድረስ ኃይል አለ፣ ከዚያ በኋላ 41 ዲግሪ ያህል ባዶ ነው፣ ከዚያ ሌላው አቅጣጫ ይጀምራል። እጀታው መሃል ላይ ሲቆም በግራም በቀኝም ከ20 ዲግሪ በላይ ነፃ ቦታ አለው። ይሄን ወድጄዋለሁ።

ሐሙስ፦ ፍሬን እንጨምር

ሞተሩ ኃይሉ ሲቋረጥ ወዲያው አይቆምም። ጥቂት ይንሸራተታል። ጠረጴዛው የምፈልገው ቁመት ላይ እንዲቆም ደግሞ ፍሬን ያስፈልጋል። የዲሲ ሞተር ፍሬን ቀላል ነው። ኃይሉን ቆርጣችሁ ሁለቱን የሞተር ሽቦዎች እርስ በርስ ስታገናኙ የሚዞረው ሞተር ጄኔሬተር ሆኖ ራሱን ይይዛል።

ስዕሉን ሳየው ለፍሬን የሚሆን ቦታ ተዘጋጅቶ ቆይቶልኛል። እጀታው መሃል ላይ ሲሆን አንደኛው ቅስት ሙሉ በሙሉ በሞተሩ አንደኛ ሽቦ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሁለተኛው ሽቦ ላይ ነው ያለው። ሁለቱን ቅስቶች ማገናኘት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ለእያንዳንዱ ቅስት ከመሃሉ ወደ ዲስኩ እምብርት የሚገባ ትንሽ ምላስ ሳልኩለት። ከመሃል በ10 ሚሊ ርቀት ላይ ሁለት ተጨማሪ ቋሚ ኮንታክቶች ይቀመጣሉ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ ከታች በሽቦ የተያያዙ። ምላሶቹ እነዚህን የሚያገኟቸው እጀታው መሃል ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ዋናው ኃይል ሳይለቅ ምላሶቹ ቀድመው ቢነኩ ባትሪው በፍሬኑ በኩል ሾርት ይሆናል። ሂሳቡን ሠራሁት። 10 ሚሊ ላይ 3 ሚሊ ኮንታክት ከመሃሉ ወደ አንድ ወገን 8.6 ዲግሪ ይይዛል። ምላሱም 3 ሚሊ ቢሆን ሌላ 8.6 ዲግሪ። ድምሩ 17.2። ዋናው ኃይል የሚለቀው ከመሃል 20.7 ዲግሪ ላይ ነው። መካከላቸው ያለው 3 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው፣ በእጅ ሞረድ ለሚሠራ ሰው ጠባብ ነው። የምላሱን ጫፍ ወደ 2 ሚሊ ቀነስኩት፣ ልዩነቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ሆነ።

በዚያም ላይ ሁለቱን የፍሬን ኮንታክቶች የሚያገናኘው ሽቦ ላይ 2.2 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር (አምፔር የሚገታ) አስገባለሁ። ሁለት ጥቅም አለው። ነሐሱ በጊዜ ብዛት ተበልቶ ወይ ብናኝ ተጠራቅሞ ነገሩ ቢነካካ እንኳ በሬዚስተሩ የሚያልፈው 5.5 አምፔር ያህል ብቻ ነው። ፍሬኑም ለስላሳ ይሆናል፤ በቀጥታ ብናገናኘው የፍሬኑ አምፔር 9 ይደርስ ነበር፣ ከሬዚስተሩ ጋር ግን 3.3 ያህል ነው። ጊሩ ይሄን ይወደዋል።

ዓርብ፦ ቁሳቁስ

ለመሠረቱና ለዲስኩ 3 ሚሊ የሆነ የፋይበር መስታወት ሰሌዳ መረጥኩ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪቶች የሚሠሩበት ዓይነት፣ መዳብ ያልተለበጠው። ሙቀት ይችላል፣ እርጥበት አይጠጣም። ባካላይትም ይሆናል። በሦስት ዳይሜንሽን ፕሪንተር የሚወጣው ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ግን 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ ኮንታክት ስር አይቀመጥም። ኮምፔንሳቶም አየሩ ሲረጥብ ያብጣል።

መዳብ የተለበጠውን ሰሌዳ ወስዶ ቅስቶቹን በኬሚካል ማውጣት የሚሉ አሉ። ሥራው ያምራል። ግን ያ መዳብ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 35 ማይክሮን ነው፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር ሃያ አምስተኛ በታች። ኮንታክት እየተንሸራተተ፣ እሳትም እየበላው፣ ብዙ አይቆይም። እኔ የምጠቀመው የ1 ሚሊ ነሐስ ላሜራ ነው።

ኮንታክቶቹ ራሳቸው ድቡልቡል ራስ ያላቸው ባለ 4 ሚሊ የነሐስ ብሎኖች ናቸው። ከራሱ ስር ትንሽ ሞላ ይገባል፣ ሞላው ብሎኑን ወደ ዲስኩ ይገፋዋል። ኃይሉ ግን በሞላው ውስጥ ማለፍ የለበትም! ሞላ ቀጭን ብረት ነው፣ አምፔር ሲያልፍበት ይግላል፣ ሲግል ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስ መግፋቱን ይተዋል፣ ያኔ ኮንታክቱ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ብሎን ጭራ ላይ ባለ ብዙ ክር፣ ተጣጣፊ፣ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሽቦ በሁለት ዳዶ መካከል ይታሰራል። ሞላው ይግፋ፣ ሽቦው ይሸከም።

ቅዳሜ፦ መቁረጥና መግጠም

ቅስቶቹን በብረት መጋዝ ቆርጬ በሞረድ ጨረስኳቸው። ሁለቱን ላሜራዎች አንድ ላይ አስሮ መሞረድ ይሻላል፣ እኩል ይወጣሉ። ስፋታቸው 14 ሚሊ ነው፣ ኮንታክቱ ከሚሄድበት መስመር በጣም ይሰፋል። ሆን ብዬ ነው። የሚያስሯቸው ብሎኖች በውጨኛው ዳር፣ ኮንታክቱ በማይደርስበት ቦታ ስለሚሆኑ መንገዱ ላይ ጉብታ አይኖርም።

አሁን ደግሞ ይህን እዩልኝ። ቅስቱ 1 ሚሊ ውፍረት አለው። ኮንታክቱ ከቅስቱ ጫፍ ሲወርድ 1 ሚሊ ይወድቅና ሲመለስ ጫፉ ላይ ይጋጫል። ክፍተቱን በሌላ ቁራጭ ሞልቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ያኔ ኮንታክቱ የነሐሱን ብናኝ በሙላቱ ላይ ይለቀልቀዋል፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ መንገድ ይሠራል። እኔ ያደረግሁት ሌላ ነው። የእያንዳንዱን ብሎን የመጀመሪያ ዳዶ እያጠበቅሁ፣ ራሱ ከነሐሱ ገጽ በታች ግማሽ ሚሊ ብቻ እንዲወርድ ገደብኩት። ስለዚህ ኮንታክቱ ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ሰሌዳውን አይነካም፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል። የሚለቀልቀው ነገር የለም። የቅስቶቹን ጫፎችም በሞረድ ተዳፋት አደረግኋቸው፣ የብሎኑ ራስ ድቡልቡል ስለሆነ ያለ ግጭት ይወጣል። በጣት ስታዞሩት ከቅስቱ ሲወርድ ቸክ የምትል ትንሽ ድምፅ አለችው፣ ኃይሉ እንደተቋረጠ በጆሮ ይታወቃል።

እጀታው ሦስቱ ቦታዎች ላይ እንዲቆም 6 ሚሊ የብረት ኳስና ከኋላዋ ሞላ አስገባሁ። ኳሷ ከዲስኩ ጋር ትዞራለች፣ ክዳኑ ላይ በ45 ዲግሪ ልዩነት ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። የዳርና የዳሩ ቀዳዳዎች 3.3 ሚሊ ናቸው፣ ኳሷ ግማሽ ሚሊ ትገባለች። የመሃሉን ግን 4.5 ሚሊ በሳሁት፣ እዚያ 1 ሚሊ ሙሉ ትገባለች፣ ግድግዳውም ለመውጣት በጣም ቀጥ ያለ ነው። ጥልቀቱን የሚወስነው የትራፓኖው ጫፍ ስፋት ብቻ ነው፣ ምንም ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። ውጤቱ ደግሞ በእጅ ይታወቃል። ከዳር ወደ መሃል እጀታው በቀላሉ ይመጣል፣ መሃል ላይ ግን ይያዛል። ወደ ሌላው ወገን ለመሄድ እንደገና ጠንከር አድርጎ መሳብ ይጠይቃል። ያቺ ትንሽ ቆይታ ፍሬኑ ሞተሩን እንዲይዝ ጊዜ ትሰጠዋለች። የትራሙን ያህል መቆለፊያ አይደለም፣ ግን እጅን በግድ ታስቆማለች። ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይዞር ደግሞ በሁለቱም ዳር አንድ አንድ ብሎን ቆሟል።

እሁድ ጠዋት፦ ያለ ኃይል መፈተሽ

ባትሪ ከመንካቴ በፊት ፕሮትራክተሩን ከስር ለጥፌ፣ ቴስተሩን በድምፅ ላይ አድርጌ፣ ዲስኩን በጣም ቀስ እያልኩ አዞርኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሆነ ቦታ ላይ ይነካካሉ ወይ ነው። ሞተሩም የፍሬኑ ሬዚስተርም አልተገናኙም፣ ስለዚህ ቴስተሩ አንድም ቦታ ላይ መጮህ የለበትም። አልጮኸም። ወደፊትም፣ ወደኋላም፣ እጀታውን እያንቀጠቀጥኩም ሞከርኩ።

ቀጥሎ በፖዘቲቭና በአንደኛው የሞተር ሽቦ መካከል ለካሁ። ከዳሩ 23 ዲግሪ ላይ ለቀቀ፣ ሂሳቡ 24 ነበር ያለው። በሌላው ወገን 25። በሞረድ ለተሠራ ነገር በጣም ጥሩ ነው። ከዚያ ፍሬኑ። ከመሃል 14 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይገናኛል። ዋናው ከለቀቀ በኋላ ፍሬኑ እስኪነካ ድረስ ምንም የማይገናኝበት ርቀት በሁለቱም ወገን አለ። በዓይኔ ካየሁት በኋላ ነው ባትሪውን ያመጣሁት።

እሁድ ከሰዓት፦ ከኃይል ጋር

ባትሪው ትንሽ ቢመስልም ሾርት ሲሆን ሽቦ የሚያቀልጥ አምፔር ይሰጣል፣ ስለዚህ ከፖዘቲቩ አጠገብ 5 አምፔር ቀስ ብሎ የሚቃጠል ፊውዝ አለ። ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበውን 9.6 አምፔር ይታገሳል፣ ታንቆ ከቆየ ግን ይቆርጠዋል።

መጀመሪያ የኮንታክቶቹን ጥራት ለካሁ። እዚህም ኦም ላይ መለካት ዋጋ የለውም፣ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው። በስዊቹ ውስጥ 5 አምፔር አሳለፍኩና በሚሊ ቮልት ላይ ከኮንታክት ኮንታክት ለካሁ። በፖዘቲቭና በሞተሩ ሽቦ መካከል 30 ሚሊ ቮልት፣ ማለትም 6 ሚሊ ኦም። በሌላው ወገንም ያው ነው። በጠቅላላው በሙቀት የሚጠፋው 0.3 ዋት ነው፣ ነሐሱ እሱን አይሰማውም። ከዚያ በቅስቶቹ ላይ ቫዝሊን በጣም በስሱ ቀባሁ፣ አየርና እርጥበት ነሐሱን እንዳያጠቁሩትና መንሸራተቱ እንዲለሰልስ። ቫዝሊኑ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ግን ኮንታክቱ ሲጫን ገለል ያደርገዋል። ግራፋይት ያለበት ቅባት ግን አይሞከርም፣ ዱቄቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ክፍተቱ ውስጥ ከገባ ያ ሁሉ የዲግሪ ሂሳብ ከንቱ ነው።

ሞተሩን አገናኘሁ። ወደ ቀኝ ተነሳ፣ ወደ ግራ ወረደ። ፍሬኑም ይይዛል፣ ያለ ፍሬን ይንሸራተት የነበረው አሁን ወዲያው ነው የሚቆመው።

መብራቱን አጥፍቼ ደግሞ ብልጭታውን አየሁት። ኮንታክቱ ከቅስቱ ጫፍ ሲወርድ ሰማያዊ ብልጭታ አለ። የሞተሩ ሽቦ ጥቅል ስለሆነ ያጠራቀመውን ኃይል ሲቆረጥ የሆነ ቦታ መልቀቅ አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ነገር) ያደርጋል፣ ነገር ግን አቅጣጫ በሚገለበጥ ሞተር ላይ በቀጥታ ሁለቱ ሽቦዎች ላይ አንድ ዳዮድ ማድረግ አይቻልም፤ በአንዱ አቅጣጫ ልክ ነው፣ በሌላው ሾርት ነው። ሁለቱንም አቅጣጫ እኩል የሚያይ ነገር ነው የሚያስፈልገው። በሞተሩ ሁለት ሽቦዎች መካከል 100 ናኖ ፋራድ የሴራሚክ ካፓሲተርና ለ22 ቮልት የሚሆን ቫሪስተር (ቮልቱ ከልኩ ሲያልፍ ኃይል የሚያሳልፍ) አደረግሁ። ብልጭታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ትንሽ ነጥብ ብቻ ሆነ።

12 ቮልት ላይ ስለሆነ ነው እንዲህ የቀለለው። የኤሌክትሪክ እሳት በነሐስ መካከል ሳይጠፋ ለመቆየት ቢያንስ ከ12 እስከ 13 ቮልት ያህል ይፈልጋል፣ ባትሪያችን እዚያ ድንበር ላይ ነው ያለው። 48 ቮልት ዲሲ ላይ ያው ስዊች እሳቱን ላያጠፋው ይችላል፣ ምክንያቱም ዲሲ እንደ ግድግዳው ኃይል በየቅጽበቱ ዜሮ አይነካም። ይህን ንድፍ ለ220 ቮልትም ማንም እንዳያስበው። ኮንታክቶቹ የተጋለጡ ናቸው፣ ሰው ይገድላል።

ማክሰኞ፦ ሊሚት ስዊቾቹ

ጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ ራሱ መቆም አለበት። ላይና ታች አንድ አንድ ሊሚት ስዊች ከሞተሩ ጋር በተርታ ገቡ፣ ሁለቱም ሳይነኩ ዝግ የሆኑ፣ ሲነኩ የሚከፍቱ። ችግሩ ይታያችኋል። ጠረጴዛው ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሊሚቱን ሲከፍት ኃይሉ ተቆረጠ፣ ታዲያ በምን ይወርዳል? በእያንዳንዱ ሊሚት ስዊች ላይ በትይዩ አንድ ዳዮድ ይደረጋል። የላይኛው ሊሚት ዳዮድ የመውረጃውን አምፔር ብቻ ያሳልፋል፣ የታችኛው የመውጫውን። ጠረጴዛው ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፣ እጀታውን ወደ መውረጃ ስታዞሩ በዳዮዱ በኩል ኃይል አግኝቶ መውረድ ይጀምራል፣ ትንሽ ከወረደ በኋላ ሊሚቱ ተመልሶ ይዘጋና ዳዮዱ ሥራ ይፈታል። ዳዮዱ ወደ 1 ቮልት ይወስዳል፣ ለዚያች ጥቂት ርቀት ምንም አይደል። 10 አምፔር የሚችል ነው ያደረግሁት፣ የሞተሩን መነሻ መቻል ስላለበት።

ሳስበው ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ፍሬኑ ነው። ጠረጴዛው ላይኛው ሊሚት ላይ ሲቆም እጀታውን ወደ መሃል ብትመልሱ የፍሬኑ አምፔር የሚሄደው ከመንጃው በተቃራኒ ነው፣ ዳዮዱ የሚያሳልፈውም ያንኑ ነው። ስለዚህ ሊሚቱ ክፍት ቢሆንም ፍሬኑ ይሠራል፣ ምንም ተጨማሪ ሽቦ ሳይፈልግ። እጀታው ዳር ላይ ከቆየ ግን ፍሬን የለም፣ ጠረጴዛው ጥቂት ሚሊ ይንሸራተትና ይቆማል። ሊሚቶቹን ከጫፉ 10 ሚሊ ወደ ውስጥ ያሰርኳቸው ለዚህ ነው።

አሁን ክዳኑ በአራት ብሎን ታስሯል። የኮንታክቶቹን ብሎኖች ጭራ ከስር ማየት እንድችል መሠረቱ ከጠረጴዛው ላይ በሮንዴላ ከፍ ብሏል፣ በየጊዜው የሚታየው የዳዶዎቹ መጥበቅና በሚሊ ቮልት የሚለካው ነው። ከ30 ወደ 60 ከወጣ ፈትቼ በስስ የብርጭቆ ወረቀት አጸዳዋለሁ። የሚቀረኝ እጀታው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሳዩ ቀስቶች መቀባት ነው።